መስታወቱን የሚያዘነብል ፀጉር አስተካካይ

እጁን እስከ ክርኑ በልብስ ሳሙና ያሻል። ጓሮ ካለው ቧንቧ ሥር ጎንበስ ብሎ፣ መጀመሪያ ጣቶቹን አንድ በአንድ፣ ቀጥሎ የጥፍሮቹን ሥር በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ በመጨረሻ አንገቱንና የጆሮውን ኋላ ያጥባል። ሽታ ያለው ሳሙና አይነካም። ሲጨርስ መዳፉን ወደ አፍንጫው አስጠግቶ ያሸትታል፤ የኮሎኙ ሽታ ካልለቀቀው ከጣቶቹ እንደገና ይጀምራል። ከዚያ የሱቁን ሸሚዝ አውልቆ ከበሩ ውጭ ካለው ምስማር ላይ ይሰቅላል። ከገመዱ ላይ ንጹሑን አውርዶ ይለብሳል። ጫማውን ደጅ ትቶ በካልሲው ወደ ቤት ይገባል።

እኛ ግድግዳ የምንጋራው ጎረቤቶቹ በእነዚያ ወራት ቀን ስድስት ሰዓት ተኩል መሆኑን የምናውቀው በዚህ ቧንቧ ድምፅ ነበር። አንዲት የፀጉር ቁራጭ ወይም ትንሽ የፓውደር ሽታ ይዞ ከገባ ሚስቱን ሳል ይጀምራታል። ሳሉ አንዴ ከጀመራት ደግሞ ትንፋሿ ወደ ቦታው እስኪመለስ ሩብ ሰዓት ይፈጃል። ይህን ያወቀው በራሱ ስህተት ነው፤ ከዚያ በኋላ አንድ ቀን እንኳ ሳይታጠብ ገብቶ አያውቅም።

ሥራው ፀጉር ማስተካከል ነው። ራሱ ግን አንዲት ፀጉር የለችውም፤ ስለዚህ ሰፈሩ «በራው» ይለዋል። እሱም አይከፋውም። «የእኔን ለደንበኞቼ አከፋፍዬው ነው» ይላል። ሱቁ ሁለት ወንበር ያለው ጠባብ ክፍል ነው። በአንደኛው ወንበር እሱ፣ በሁለተኛው አብሮት ያረጀ ባልደረባው ይሠራሉ።

ሚስቱ የስልክ ኦፕሬተር ነበረች። ሃያ ስድስት ዓመት ማዞሪያ ቤት ተቀምጣ፣ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ሰውን ከሰው ስታገናኝ ኖራ ጡረታ ወጣች። ጡረታ ከወጣችም በኋላ በር ሲንኳኳ «አቤት» በማለት ፈንታ «ይናገሩ» የምትልበት ጊዜ ነበር፤ ወዲያው ራሷ ትስቃለች። ልጅ አልወለዱም። ቤታቸው ሁለት ክፍልና ወጥ ቤት ነው። የመኝታ ቤቱ መስኮት ወደ ጓሮው ይከፈታል።

ሳሉ ሲጀምራት ጉንፋን ነው ተባለ። ሽሮፕ ጠጣች፤ አልተዋትም። ክብደቷ ሲቀንስ ደስ አላት፤ «ድሮ የጠበበኝ ቀሚስ ልክ ሆነልኝ» አለች። አንድ ቀን በመሐረቧ ላይ ደም ታየ፤ ያን ጊዜ ሆስፒታል ሄዱ። ራጅ ተነሳች፣ ሌላም ትልቅ ምርመራ ተደረገላት። ውጤቱ የደረሰ ዕለት እሷ ክፍሉ ውስጥ ልብሷን ስትለብስ ሐኪሙ ባልየውን ወደ ኮሪደሩ ጠራው።

«የሳንባ ካንሰር ነው» አለው። «ወደ ጉበቷም ወደ አጥንቷም ተዛምቷል። በዚህ ደረጃ ከባዱን መድኃኒት ብንሰጣት ይጎዳታል እንጂ አይጠቅማትም። እቤት ሆና ሕመሟን ማስታገስ ይሻላል። ነርስ በሳምንት አንድ ቀን እንልካለን።»

«ስንት ጊዜ ቀራት?» አለ።

«ስድስት ወር፣ ሰባት ወር። ልክ እንዲህ ነው ማለት አልችልም።»

«አጭሳ አታውቅም እኮ» አለ። አጫሹ እሱ ነበር። ከተጋቡ በኋላ አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ በዚያች በሁለት ክፍል ቤት ውስጥ፣ ክረምት ከበጋ አጭሷል። ካቆመ ብዙ ዓመቱ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ያ ጭስ ተመልሶ ቤቱን ሞላው።

ሚስቱ የቀሚሷን ቁልፍ ቆልፋ ስትወጣ «ምን አለ?» አለችው።

«የቆየ የሳንባ ምች ነው። ጠባሳ ጥሏል። ጊዜ ይወስዳል እንጂ ይለቃል።»

እንዲህ ያለ ነገር ለእሱ አዲስ አይደለም። በሱቁ ውስጥ አንድ ሕግ አለው፤ ሰው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አዝኖ አይነሳም። ቆርጦ ሲጨርስ የደንበኛውን ኋላ የሚያሳይበት ትንሽ የእጅ መስታወት አለ። አናቱ የሳሳ ሰው ሲሆን መስታወቷን በትንሹ ያዘነብላታል፤ ያን ጊዜ ደንበኛው ከትልቁ መስታወት ውስጥ የሚያየው ንጹሕ ማጅራቱንና ከሥር ያለውን ጥሩ ፀጉር ብቻ ነው። ሰውየው «እሰይ» ብሎ ይነሳል። ሰላሳ ስምንት ዓመት እንዲህ አድርጓል።

እቤትም ይህንኑ ያዘ። የቁም ሳጥኑን የመስታወት በር «ማጠፊያው ላልቷል፣ አናጢ ይየው» ብሎ ነቅሎ ወሰደና ሱቁ ጓዳ ውስጥ አስቀመጠው። በመታጠቢያው ላይ የነበረችውንም «ተሰነጠቀች» ብሎ አነሳት። ፀጉሯን ራሱ ያበጥርላታል። «ባለሙያ ቤትሽ እያለ ለምን እጅሽን ታደክሚያለሽ» ይላታል። ማበጠሪያው ላይ የቀረውን ፀጉር ሳታየው ጠቅልሎ ኪሱ ይከተዋል።

ይህ ሁሉ ግን አያያዙን አያሳንስበትም። ሰው በሽተኛ እንዴት እንደሚይዝ መማር ከፈለገ እሱ ጋ መምጣት ይችል ነበር። ሚስቱ ጋደም ስትል ትንፋሿ እንደሚያጥር ነርሷ ስትነግረው፣ በዚያው ዕለት የአልጋውን የራስጌ እግሮች ጡብ አስደገፋቸው። ሦስት ትራስ ከጀርባዋ፣ አንድ የታጠፈ ብርድ ልብስ ከጉልበቷ ሥር፤ ያኛው ወደ ታች እንዳትንሸራተት ነው። ትንሽ የጠረጴዛ ማራገቢያ ገዝቶ በጉንጯ በኩል አቆመላት። ነፋሱ ፊቷን ሲነካው የመታፈኑ ስሜት ይቀልላታል። ምግብ በትልቅ ሳህን አያቀርብላትም፤ ሳህኑን ስታይ ብቻ ትጠግባለች። ሾርባውን በሻይ ስኒ፣ ገንፎውን በሻይ ማንኪያ፣ በቀን ስድስት ሰባት ጊዜ። የሕመም ማስታገሻውን ሽሮፕ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ይቀዳና ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቶ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ መስመሩ ላይ መድረሱን ያያል። ጺም ሊላጭ ምላጭ ሲስል የሚያየው እንደዚያ ነው። ከሰጣት በኋላ ግድግዳው ላይ ባለው ቀን መቁጠሪያ በእርሳስ ምልክት ያደርጋል።

ትልቁ ነገር ግን ወንበሩ ነበር። ሱቁ ጓዳ ውስጥ የተጣለ አሮጌ የፀጉር ቤት ወንበር ነበረው፤ ራስ ማስደገፊያ ያለው፣ በእጀታ ወደ ኋላ የሚዘነበል፣ እግር የሚያሳርፍ። ከባልደረባው ጋር በጋሪ ጭነው አመጡት። ቆዳውን አጥቦ፣ አንሶላ አልብሶ፣ ከመስኮቱ አጠገብ አቆመው። እሷም አልጋው ላይ የማታገኘውን እንቅልፍ እዚያ ላይ አገኘችው። ሁልጊዜ ስትቀመጥ አንድ ዓይነት ቀልድ ነበራቸው። ነጭ ፎጣ አንገቷ ላይ ጣል ያደርግና ቀጥ ብሎ ይቆማል።

«እመቤቴ፣ ዛሬ እንዴት ላስተካክልዎ?»

«የአንተን... አስመስለው» ትላለች።

በአንድ ትንፋሽ ከሦስት ቃል በላይ አይወጣላትም ነበር። ያን ያህል ዓመት በድምፅዋ የኖረች ሴት፣ አሁን ቃል እየመረጠች ነበር የምትናገረው። እንደ ድሮ ቴሌግራም ነው የማወራው ትል ነበር። እኔም ጠዋት ጠዋት እሱ ሱቅ ሲሄድ እሷ ጋ እቀመጥ ስለነበር ቶሎ ለመድኩት። ብዙ ስለማታወራ የተናገረችው ሁሉ ልብ ውስጥ ይቀራል።

አንድ ታላቅ እህት ነበረቻት፤ በአውቶቡስ የአንድ ቀን መንገድ ርቃ የምትኖር። እናታቸው ቀድማ ስለሞተች ያሳደገቻት እሷ ናት። በየዓመቱ ዝናቡ ሲያቆም ታናሽየዋ ሻንጣዋን ይዛ ሁለት ሳምንት እህቷ ጋ ትከርማለች። በዚህ ዓመትም ገና ዝናቡ ሳይጀምር «ሳሉ ሲለቀኝ... እሄዳለሁ» ትል ነበር። በራው ጨነቀው። እስከዚያ እንደማትቆይ ያውቃል። እህትየዋ ትምጣ እንዳይል ደግሞ፣ አዋላጅ የነበረች፣ አፏ ስለታም፣ በሽተኛን አይታ የማትሳሳት ሴት ናት። በር ላይ ቆማ አንዴ ካየቻት የደበቀው ሁሉ ያበቃለታል። ስለዚህ እህትየዋ ስትደውል ስልኩን ይዞ ወደ ጓሮ ይወጣና ከቧንቧው አጠገብ ቆሞ ያወራታል።

«ተሽሏታል እትዬ፣ በጣም ተሽሏታል። አሁን ተኝታ ነው። ኧረ አትምጪ፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ በጉልበትሽ እንዴት ትችይዋለሽ? እሷ ትመጣለች፣ ትንሽ ብቻ ትጠንክር።»



አንድ ጠዋት ሚስቱ «ሻንጣዬን... ከቁም ሳጥኑ... አውርድልኝ» አለችው። አወረደ። አቧራውን ጓሮ ወስዶ ጠረገው። እሷ ከወንበሩ ላይ ሆና እያሳየችው ሁለት ቀሚስ፣ ሹራብ፣ የሌሊት ልብስ አጣጥፎ ከተተ። ለእህቷ የገዛችውን ሻርፕም ከላይ አደረገው። በእጁ ሲያጣጥፍ አንዲት ሽብሽብ አይተውም፤ ልብሱ በልብሱ ላይ እንደ ወረቀት ተነባበረ። ሲዘጋው «አለቀ?» አለችው። «አለቀ» አላት።

ነርሷ ወጣት ሴት ናት፤ ማክሰኞ ማክሰኞ ትመጣለች። በስድስተኛው ወር አጋማሽ ላይ የሚስትየውን እግር በጣቷ ጫን ብላ አየች፤ ጉድጓዱ ቶሎ አልሞላም። ደረቷን ሰማች። ስትወጣ በራው እንደ ልማዱ ሊሸኛት እስከ ውጭ በር ሄደ።

«አባባ፣ ልናገር?» አለችው።

«ተናገሪ የእኔ ልጅ።»

«እንግዲህ የቀራቸው ሳምንታት ናቸው። ማየት የሚፈልጉት ሰው ካለ አሁን ይምጣ። ደግሞ እማማን ቢነግሯቸው ይሻላል። የራሳቸው ነገር ነው እኮ።»

«ተስፋ ትቆርጥብኛለች።»

«እርስዎ ነዎት የፈሩት» አለችና በተናገረችው ደንግጣ ቦርሳዋን አነሳች። «ይቅርታ አባባ።»

«የለም፣ ልክ ነሽ» አላት። ለሚስቱ ግን አልነገራትም። ማክሰኞ አለፈ፣ ረቡዕም አለፈ። እህትየዋ ሐሙስ ስትደውል አሁንም «ተሽሏታል» አላት።

ዓርብ ጠዋት ሱቁ ውስጥ አንድ ነገር ሆነ። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር አሥራ አምስት ዓመት ደንበኛው ነው። በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ ይመጣል። ያን ዕለት ወንበሩ ላይ ሳይቀመጥ በፊት ከኪሱ አንድ ፎቶግራፍ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ፣ ከማበጠሪያዎቹ መሐል ጣል አደረገው።

«በራው! ይህ ማን ነው?»

ፎቶግራፉ ከኋላ የተነሳ ነው። አንድ ሰው ለተማሪዎች የምስክር ወረቀት ሲያድል ያሳያል። አናቱ ላይ የስኒ ማስቀመጫ የምታህል በራ ታበራለች።

«እኔ እንጃ፣ የማን ማጅራት ነው?»

«የእኔ ነዋ! አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ኋላዬን ስታሳየኝ ደን ነበር የማየው። ይህ ደን ነው? ይህ ሜዳ ነው፣ ኳስ ይጫወቱበታል!»

የሁለተኛው ወንበር ደንበኛ ሳሙናውን እንደተቀባ ከት ብሎ ሳቀ። ባልደረባውም ምላጩን ከሰው ጉሮሮ ላይ አንስቶ ፊቱን አዞረ።

«እንዳይከፋህ ብዬ ነው» አለ በራው።

«አስተማሪዎቹ ያውቃሉ። ተማሪዎቹ ያውቃሉ፤ ለካ ስምም አውጥተውልኛል። ሚስቴ ድሮ ነው የማውቀው አለችኝ። ይኸውልህ፣ አገር ያወቀውን እኔ ብቻ ሳላውቅ ደረቴን ነፍቼ ስሄድ ኖርኩ።»

«ብነግርህ ያሳዝንህ ነበር።»

«አያሳዝነኝም ነበር» አለ ዳይሬክተሩ እየተቀመጠ። «ኮፍያ እገዛ ነበር።»

ሁሉም እንደገና ሳቁ። በራው ግን አልሳቀም። ጨርቁን አንገቱ ላይ አሰረለት፤ ቶንዶሱን አነሳ፤ እንደ ወትሮው ቀስ ብሎ ቆረጠው። ሲጨርስ መስታወቷን አነሳና ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥ አድርጎ ያዛት። ዳይሬክተሩ ረጅም ጊዜ አየና «ጎበዝ» አለ። «ይህን ያህልም አያስጠላም።»

በራው ሽርጡን ፈታ። ለባልደረባው «ቀሪዎቹን አንተ ያዝልኝ» ብሎ ወጣ። ገና አራት ሰዓት ተኩል ነበር።

እኔ ያን ጊዜ ከሚስቱ አጠገብ ተቀምጬ ክር እጠቀልል ነበር። ቧንቧው ሲከፈት ሰማን። ውሃው ከወትሮው እጥፍ ቆየ።

«ዛሬ... ቀደም አለ» አለች። ቀጥላ «ክርሽን... ያዢና ሂጂ። ነገር አለው» አለችኝ።

«በምን አወቅሽ?»

«እጁን... ሁለት ጊዜ... አጠበ።»

እኔ ወጣሁ። ቀጥሎ የሆነውን ከጥቂት ቀናት በኋላ እሷው ነገረችኝ፤ ከምሳ እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ እያረፈች።

ገብቶ ከወንበሯ ሥር ያለችው ዱካ ላይ ተቀመጠ። እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ። «ሳንባሽ ውስጥ ያለው...» አለና ቆመ። እንደገና «ሐኪሙ ያን ጊዜ...» አለና ቆመ። ላብ በራሱ ላይ ችፍ አለ።

«ይናገሩ» አለችው፤ «መስመሩ... ተከፍቷል።»

ያን ጊዜ አለቀሰ። እሷ የአንገት ፎጣዋን አውልቃ ሰጠችው።

«ካንሰር ነው» አለችው እሷው። «ከሁለተኛው ወር... ጀምሮ አውቃለሁ።»

«ማን ነገረሽ?»

«አንተ። ለአየር ብለህ... መስኮቱን ትከፍታለህ። ቧንቧው... ከመስኮቱ ሥር ነው። ነርሷን ስትጠይቃት... ለእህቴ ስትዋሽ... ሁሉን ሰማሁ።» ጥቂት አረፈች። ማራገቢያው ዞረ። «ሃያ ስድስት ዓመት... በጆሮዬ ነው... የበላሁት። አንተ መስታወቱን... ነቀልክ።»

እሱ አንገቱን ደፋ። እንዲያ የደበቀውን ሁሉ፣ የነቀለውን በር፣ የጠቀለለውን ፀጉር፣ አንድ በአንድ ሲያስበው ሳቅም እንባም መጣበት።

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«እንዲህ ስትለፋበት... እንዴት ላፍርስብህ?» አለችው። «ሻንጣውን ያስወረድኩህ... እንድትናገር ነበር። አንተ ግን... አጣጥፈህ ከተትከው! ሹራብ... ሁሉ ጨመርክ!»

ስትስቅ ሳሉ መጣ። ተነስቶ ጀርባዋን ደገፋት፤ የአክታውን ሳህን ያዘላት፤ እንዳስተማራት ከንፈሯን እንደ ፉጨት አድርጋ ቀስ ብላ እስክትተነፍስ ድረስ አብሯት ተነፈሰ። ሲረጋጋ «ጭሱ የእኔ ነበር» አለ። «እኔ ነኝ ያጨስኩት።»

«ከየት እንደመጣ... ማን ያውቃል? አንተ ደግሞ... ከመቼ ወዲህ ነው... ሐኪም የሆንከው?» አለችና እጁን ያዘችው። «አሁን እሱን ተወው። እህቴን... አስመጣልኝ። ቶሎ። እኔ ልደውል ብል... ሦስት ቃል ስትሰማ... ትሞትብኛለች።»

ስልኩን አነሳ። ከልምዱ የተነሳ ወደ ጓሮ ሊወጣ ሁለት እርምጃ ሄደ፤ ተመለሰና አጠገቧ ተቀመጠ። ድምፁ ለሁለቱም እንዲሰማ አደረገው።

«እትዬ» አለ፤ «እስከ ዛሬ የነገርኩሽ ሁሉ ውሸት ነው።» ከዚያ ሳያቋርጥ ነገራት። የሕመሙን ስም ጠርቶ፣ ካንሰር ብሎ፣ የቀሩት ሳምንታት ናቸው ብሎ ነገራት።



«አጠገብህ ናት?» አለች እህትየዋ።

«አለች፣ ትሰማሻለች።»

«አንቺ ልጅ፣ ጠብቂኝ። ነገ እሳፈራለሁ። አንተን ግን፣ በራ፣ መጥቼ አነጋግርሃለሁ።»

በማግሥቱ ተሳፈረች። አውቶቡሱ ግን ጭቃ ላይ ተይዞ አንድ ሙሉ ቀን ዋለ። በራው ያን ቀን ሥራ አልገባም። ከመስኮቱ ወደ ውጭው በር፣ ከበሩ ወደ መስኮቱ ሲመላለስ ካልሲው ተቀደደ። የቁም ሳጥኑን በር ከሱቅ አምጥቶ ገጠመው፤ ሚስቱ ናት ያዘዘችው። ወንበሩን ወደ መስታወቱ አዞረላትና ከወራት በኋላ ፊቷን ለመጀመሪያ ጊዜ አየች። ጉንጯን በጣቷ ነካችው። «እናቴን... መስያለሁ» አለች። ያን ዕለት ከቀትር በኋላ ከንፈሯ ጠቆረ፤ ነርሷ ተጠርታ መጣች። በራው በጡብ ከተደገፈው አልጋ አጠገብ ተንበርክኮ ማራገቢያውን በእጁ ይዞ፣ «እህትሽ መንገድ ላይ ናት፣ አሁን አልዋሽሽም፣ መንገድ ላይ ናት» ይላት ነበር።

እህትየዋ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ደረሰች። ግዙፍ ሴት ናት፤ ቦርሳዋን በራስዋ ተሸክማ፣ ጫማዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ። በራው በሩ ላይ ተቀበላት።

«እትዬ፣ እጅሽን ታጠቢ። ሽቶ ከተቀባሽም...»

«እኔን ነው? ስንት መቶ ሕፃን ባዋለድኩበት እጄ?»

«ይሁን፣ ታጠቢ።»

አየችው፤ ከሲታውን ፊቱን፣ የተላላጠ እጁን፣ የተቀደደ ካልሲውን። ከዚያ ወደ ቧንቧው ሄደች። እሱም ሳሙናውን አቀበላት። «ሰባት ወር!» አለች እያሸች፣ በሹክሹክታ። «ሰባት ወር ሙሉ!» እሱ ፎጣውን ሰጣት። ተቀብላ አደረቀችና ትከሻውን በፎጣው መታ አደረገችው፤ የተፈራው ንግግር በዚያ አለቀ።

ስትገባ አላለቀሰችም። ከወንበሩ ሥር ዱካው ላይ ተቀምጣ የእህቷን እግር ጭኗ ላይ አደረገችና ታሸው ጀመር።

«አሁንም ቀዝቃዛ ነው። ልጅ ሆነሽም እንዲህ ነበርሽ፤ ሆዴ ላይ ታሞቂው ነበር።»

«አሁንም... አሙቂልኝ» አለች ታናሽየዋ።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ሌላ ቤት ሆነ። ሥራውን ለሁለት ተካፈሉት። እህትየዋ ታጥባታለች፣ ታገላብጣታለች፤ ሽሮፑን ግን በራው ለማንም አይሰጥም፣ ራሱ ነው የሚቀዳው። «ያቺን ጠብታ ለማየት ዓይንህን ባትጨፍን ምን አለ?» ትለዋለች። «ምላጭ መስሎሻል ሽሮፕ?» ይላታል፤ መልሱ ምን ማለት እንደሆነ ሦስታችንም አልገባንም፤ ብቻ ሳቅን።

እህትየዋ በመጣች በሰባተኛው ቀን ሚስቱን ትንፋሽ ስለከበዳት ነርሷ መኪና አስመጥታ ሆስፒታል ወሰዷት። ከሳንባዋ ዙሪያ ውሃ ቀዱላት፤ አዲስ ራጅ አነሷትና በዚያው ዕለት ወደ ቤት መለሷት። ቀለል አላት፤ አራት ቃል አምስት ቃል ማውጣት ጀመረች። የራጁን ውጤት ግን ረቡዕ ከቀትር በፊት ራሱ በራው መጥቶ ፈርሞ እንዲወስድ ተነገረው።

ረቡዕ ጠዋት ተላጨ፣ ኮቱን ለበሰ፣ የሆስፒታሉን ካርድ ደረት ኪሱ ከተተ። ዝናቡ ቆሞ ፀሐይ ወጥታ ነበር። መስኮቱ ተከፍቷል። ሚስቱ ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ጋደም ብላለች፤ እህትየዋ ከጎኗ ሆና ልጅ እያሉ ከጎረቤት ጓሮ ስለሰረቁት ዶሮ ትነግራታለች። ዶሮው አልጋ ሥር ተደብቆ ሳለ አባታቸው ፊት ጮኸ።

«አይደለም» አለች ታናሽየዋ፤ «የጮኸው ዶሮው አይደለም። አንቺ ነሽ... ዶሮውን ለመሸፈን... እንደ ዶሮ የጮኽሽ።»

«እኔ?»

«አንቺ። አባባም... ጎበዝ አለሽ።»

በራው በሩ ላይ ቆመ። ይህን ታሪክ በሰላሳ አራት ዓመት ትዳር ሰምቶት አያውቅም።

«አልሄድክም?» አለችው ሚስቱ።

«ልሄድ ነው።»

«ምን ልታመጣ?»

«የራጁን ውጤት።»

«ምን ይላል... ብለህ ነው?»

እሷም ፎጣዋን ከወንበሩ ክንድ ላይ አንስታ አንገቷ ላይ ጣል አደረገችና ራሷን ወደ ማስደገፊያው አስጠጋች። «ፀጉሬን እጠብልኝ» አለችው። «ውሃው ሞቅ ይበል።»

ኮቱን አውልቆ ምስማሩ ላይ ሰቀለው። ድስት ጣደ። እህትየዋ ሳፋውን ያዘች፤ እሱ በአንድ እጁ ማጅራቷን ደግፎ በሌላው ውሃውን በስኒ ቀስ ቀስ እያለ አፈሰሰ። እሷ ዓይኗን ጨፍና የዶሮውን ታሪክ ከመጀመሪያው እህቷ እንደገና እንድትነግረው አዘዘች፤ ታሪኩ አባትየው ዘንድ ሲደርስ ቀትር አልፎ ነበር።

ሆስፒታሉ ሐሙስ ደወለ፤ «እመጣለሁ» አላቸው። ዓርብም ደወሉ። የራጁ ውጤት ስሟ ተጽፎበት እዚያው የሆስፒታሉ መስኮት ኋላ፣ በሳጥን ውስጥ ተቀምጧል፤ ሊያመጣው አልሄደም።